ከሴንሰሩ እስከ ድምፅ ማጉያው፦ የፒዩር ዳታና የአርዱይኖ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ፒዩር ዳታ በስክሪን ላይ ሳጥኖችን በመስመር እያያያዙ ድምፅ የሚሠሩበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሚለር ፐኬት በ1990ዎቹ አጋማሽ ያበጀው ይህ ፕሮግራም አርዱይኖ (ሴንሰር የሚያነብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ወይም ራስፕቤሪ ፓይ (በአንድ ቦርድ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ሲታከልበት በእጅ የሚጫወቱት መሣሪያ ይሆናል። ብልሽት ሲያጋጥም የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፓቹ (በሳጥኖችና በመስመሮች ወደ ተሠራው ፕሮግራም) ነው፤ ደህና የነበረውን ሲፈታ ሲገጥም ያመሻል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሁለት ነገሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፦ ሴንሰሩ ከቦርዱ፣ ቦርዱ ከኮምፒውተሩ፣ ሶፍትዌሩ ከሳውንድ ካርዱ። ስለዚህ እያንዳንዱን መገናኛ ለብቻው ፈትሹ፤ ምልክቱ እስከ የት እንደደረሰ ሳታውቁ ምንም አትቀይሩ።

ምንም ድምፅ አይሰማም

ከሁሉ በፊት በሜዲያ ምናሌ ሥር ያለውን የድምፅና የሚዲ መሞከሪያ ክፈቱና የሙከራውን ቃና አሰሙ። ቃናው ከተሰማ ሳውንድ ካርዱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ በፓቹ ውስጥ ነው። የድምፅ ሥራውን የሚያስነሳው የዲኤስፒ ምልክት መብራቱን፣ መስመሩ ድምፁን ወደ ሳውንድ ካርዱ እስከሚያወጣው ዳክ~ ሳጥን መድረሱን፣ በመንገድ ላይ ድምፁን በዜሮ የሚያባዛ ሳጥን አለመኖሩን ተመልከቱ።

ቃናው ካልተሰማ ደግሞ ፓቹን ተዉት። ወደ ድምፅ ማስተካከያው ገብታችሁ የተመረጠውን መውጫ እዩ። በራስፕቤሪ ፓይ ላይ ድምፁ ወደ ኤችዲኤምአይ እየሄደ ሰው በጆሮ ማዳመጫ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ 5 እና የዜሮ ቤተሰብ ቦርዶች የ3.5 ሚሊሜትር የድምፅ ቀዳዳ ጭራሽ የላቸውም። የማይክሮፎን መግቢያ ደግሞ በየትኛውም የራስፕቤሪ ፓይ ቦርድ ላይ የለም፤ ድምፅ የሚያስገባው አድክ~ ሳጥን ዝም ካለ መፍትሄው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ መግዛት ነው። ካርዱ ተሰክቶም ዝም ካለ የናሙና ፍጥነቱን (በሰከንድ የሚወሰዱትን የድምፅ ናሙናዎች ብዛት) ከ44100 ወደ 48000 ቀይራችሁ ሞክሩ፤ 48000 ብቻ የሚቀበሉ ርካሽ ካርዶች አሉ።

ሳጥኑ በተቆራረጠ መስመር ተከቦ ይታያል

ፒዩር ዳታ የማያውቀው ስም ሲጻፍበት ሳጥኑን በተቆራረጠ መስመር ይከበዋል፤ በመልዕክት መስኮቱም መፍጠር እንዳልቻለ ይናገራል። ፊደል አልተሳሳታችሁም እንበል። እንግዲያው የጎደለው ኤክስተርናል የሚባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ነው። እንደ ስሪቱ በእገዛ ወይም በመሣሪያዎች ምናሌ ሥር ኤክስተርናል መፈለጊያ አለ፤ ከዚያ ፈልጉና ጫኑ። መጫን ብቻውን ግን አይበቃም። በፓቹ ውስጥ ዲክሌር የተባለውን ሳጥን አኑሩና የላይብረሪውን ስም ንገሩት፤ ያን ጊዜ ፓቹ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድም ምን እንደሚያስፈልገው ራሱ ይናገራል።

ተጭኖም እምቢ ካለ የፋይሉን ዓይነት መርምሩ። ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ላይብረሪ በራስፕቤሪ ፓይ ላይ አይሠራም፤ በዚያው በራስፕቤሪ ፓይ ላይም ለ32 ቢት ሲስተም የተዘጋጀው ለ64 ቢቱ አይሆንም።

ድሮ የተሠሩ ፓቾች ላይ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ብዙዎቹ የተሠሩት ላይብረሪዎቹ አብረው ተጭነው ይመጡበት ለነበረው ፒዩር ዳታ ኤክስቴንድድ ነው፤ የእርሱ የመጨረሻ ስሪት የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ነው። ያንን አሮጌ ፕሮግራም ፈልጎ ከመጫን ይልቅ የጎደሉትን ሳጥኖች አንድ በአንድ መተካት ይሻላል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን አንዴ ተሠርቶ ያልቃል።

ፖርቱ አይከፈትም

አርዱይኖን ከፒዩር ዳታ ጋር የሚያገናኘው ኮምፖርት የተባለው ኤክስተርናል ነው። ዲቫይሰስ የሚል መልዕክት ስትልኩለት የሚያያቸውን ፖርቶች (ቦርዶች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙባቸውን በሮች) ይዘረዝራል። ቦርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በመጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ፤ ኃይል ብቻ የሚያስተላልፉ የዩኤስቢ ገመዶች ስላሉ የቦርዱ መብራት መብራቱ ለማስረጃ አይበቃም።

በዝርዝሩ ውስጥ ካለና ካልተከፈተ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ያዡ የአርዱይኖ ሶፍትዌር የሲሪያል መመልከቻ ሆኖ ይገኛል። እርሱን ዝጉት። በሊኑክስ ላይ ደግሞ የተጠቃሚው ስም ዲያልአውት በሚባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ ፖርቱ አይፈቀድለትም፤ ስሙን ከጨመራችሁ በኋላ ከሲስተሙ ወጥታችሁ መግባት አትርሱ። ፖርቱ ክፍት ሳለ ገመዱን ነቅላችሁ ከመለሳችሁት ደግሞ መጨረሻው 0 የነበረው የፖርት ስም 1 ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ከመንቀላችሁ በፊት ክሎዝ የሚል መልዕክት ላኩ።

ቁጥር ይመጣል፣ ግን ከሴንሰሩ ጋር አይገናኝም

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሮቹ ግን ራሳቸው በሽታውን ይናገራሉ፤ ፕሪንት የተባለውን ሳጥን ከኮምፖርት ጋር አገናኙና የሚወጣውን አንብቡ።

ከ48 እስከ 57 ያሉ ቁጥሮች በመካከላቸው 13 እና 10 እየገባ ከመጡ አርዱይኖው ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ እየላከ ነው። 512 የሚለው ንባብ 53፣ 49፣ 50፣ 13፣ 10 ሆኖ ይደርሳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአኃዞቹ የአስኪ ኮድ (እያንዳንዱ ፊደልና አኃዝ የሚወከልበት ቁጥር)፣ የቀሩት ሁለቱ የመስመር መጨረሻ ናቸው። ይህ የሚሆነው በአርዱይኖው ፕሮግራም ውስጥ ሲሪያል ፕሪንትኤልኤን (println) የሚለው ትእዛዝ ሲጻፍ ነው። ሰው ለሚያነበው መመልከቻ ጥሩ ነው፤ ለፒዩር ዳታ ግን ድካም ያበዛል።

ትእዛዙን ወደ ሲሪያል ራይት ስትቀይሩ ሌላ ወጥመድ አለ። አርዱይኖ ኡኖ ሴንሰሩን የሚያነበው ከ0 እስከ 1023 ነው፤ አንድ ባይት (በአንድ ጊዜ የሚላከው የመረጃ አሃድ) የሚይዘው ግን እስከ 255 ብቻ ነው። ትርፉ ይቆረጣል፤ 300 ብትልኩ 44 ይደርሳል፣ 512 ብትልኩ 0። የሚዞረውን ቁልፍ (ፖቴንሽዮሜትሩን) ከዳር እስከ ዳር ስታዞሩት ቁጥሩ አራት ጊዜ ከዜሮ የሚነሳ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቀላሉ መፍትሄ ንባቡን ለ4 አካፍሎ መላክ ነው፤ ለድምፅ መጠን ይህ ይበቃል።

ለቃና ከፍታ ግን አይበቃም፤ እርከኑ በጆሮ ይታወቃል። ያን ጊዜ ንባቡን ለሁለት ክፈሉት፦ ለ128 ሲካፈል የሚደርሰው ሙሉ ቁጥር አንድ ባይት፣ ቀሪው ሌላ ባይት። 700 የሚለው ንባብ 5 እና 60 ሆኖ ይሄዳል። ከሁለቱ ፊት መነሻ ምልክት እንዲሆን 255 ላኩ፤ ሁለቱም ባይቶች ከ127 ስለማይበልጡ ከመረጃው ጋር አይምታታም። በፒዩር ዳታ በኩል 255 ሲመጣ ቆጣሪያችሁ ወደ ዜሮ ይመለስ፤ ቀጥሎ የመጣው በ128 ይባዛ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ይደመርበት።

እዚህ ቦታ ላይ ውጤቱ አልፎ አልፎ በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚቀር ከመሰላችሁ የመደመሪያውን ሳጥን መግቢያዎች እዩ። በፒዩር ዳታ ስሌቱን የሚያስጀምረው የግራው መግቢያ ብቻ ነው፤ የቀኙ ተቀብሎ ይጠብቃል። በ128 የተባዛው ቀድሞ ስለሚደርስ ወደ ቀኙ ይግባ፤ በመጨረሻ የሚመጣው ቀሪ ወደ ግራው። ከአንድ መውጫ ሁለት መስመር የምታወጡ ከሆነም ቅደም ተከተሉን በትሪገር ሳጥን ወስኑት፤ በዓይን የማይታይ ቅደም ተከተል ላይ መመካት ፓቹን አንድ ቀን ያበላሸዋል።

ቁጥሮቹ ምንም ዓይነት ሥርዓት ከሌላቸው ደግሞ የሁለቱ ወገን ፍጥነት አልተስማማም። በአንዱ 9600 ተጽፎ በሌላው 115200 እንዳይሆን አረጋግጡ። በ9600 በሰከንድ የሚያልፈው 960 ባይት ገደማ ብቻ ነው፤ ብዙ ሴንሰሮች ካሏችሁና ድምፁ ከእጃችሁ ኋላ ከቀረ ሁለቱንም ወገን ወደ 115200 አሳድጉ፤ ንባቡንም ሲለወጥ ብቻ ላኩ።

ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ይዋዥቃል

በሰፊው የሚዘል ከሆነ የመግቢያው ፒን አንድ ቦታ ላይ አልተገናኘም። የፖቴንሽዮሜትሩ ሁለት ዳርቻዎች አንዱ ከ5 ቮልት፣ ሌላው ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት ፒኑ)፣ መካከለኛው ከአናሎግ ፒኑ ጋር መያያዝ አለባቸው። የብርሃን ሴንሰር ብቻውን አይበቃም፤ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር ከግራውንድ ጋር አብሮት ይግባ። በአንድ ወይም በሁለት ብቻ ከፍ ዝቅ ካለ የስምንት ንባቦችን አማካይ ውሰዱ።

ሴንሰሩን በቀጥታ ከራስፕቤሪ ፓይ ጋር ማያያዝ ለምትፈልጉ፦ አናሎግ መግቢያ የለውም፤ ፒኖቹም ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። 5 ቮልት ካስገባችሁበት ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል፤ ይህን ስሕተት ፓች በማስተካከል መመለስ አይቻልም።

ድምፁ ይንጣጣል

መቼ እንደሚንጣጣ ለዩ። ቁልፉን ስታዞሩ ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። በመካከል ላይን~ የተባለውን ሳጥን አስገቡና ቁጥሩ በ20 ወይም በ30 ሚሊሰከንድ ውስጥ ወደ አዲሱ ደረጃ እንዲንሸራተት አድርጉት። ያለ ~ ምልክት የሚጻፈውን ላይን እንዳትጠቀሙ፤ እርሱም በደረጃ ይሄዳል።

ድምፁ ከፍ ሲል ብቻ ከሆነ የብዙ ምንጮች ድምር ከ1 አልፎ እየተቆረጠ ነው፤ ከዳክ~ በፊት ዝቅ አድርጉት። ሁልጊዜ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ አልደረሰም። ፒዩር ዳታ ድምፁን የሚያሰላው በ64 ናሙና እየቆረሰ ነው፤ በ44100 ፍጥነት ለእያንዳንዱ ቁራሽ ያለው ጊዜ 1.45 ሚሊሰከንድ ነው። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ያለውን መዘግየት ወደ 50 ሚሊሰከንድ አሳድጉና መንጣጣቱ ከቆመ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱ። በራስፕቤሪ ፓይ ላይ ፒዩር ዳታን ያለ መስኮት ማስነሳት ብዙ ጉልበት ያድናል፤ በስክሪኑ ጥግ የመብረቅ ምልክት ከታየ ደግሞ የኃይል ምንጩ ደካማ ነውና እርሱን ቀይሩ።

ከበስተጀርባ የማያቋርጥ እምምታ

ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ንቀሉና አድምጡ። እምምታው ከጠፋ ኮምፒውተሩና ማጉያው በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ተገናኝተዋል። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፤ ካልበቃ በድምፅ መስመሩ ላይ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገቡ። የመሰኪያውን የመሬት እግር ቆርጦ መጣል እምምታውን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሰውንም ይገድላልና በፍጹም አታድርጉት።

በእጅ ሲከፈት ይሠራል፣ ማሽኑ ሲበራ ግን ራሱ አይነሳም

ፓቹ ሲከፈት ራሱ መልዕክት በሚልከው በሎድባንግ ሳጥን ወዲያው ፖርቱን ለመክፈት ይሞክራል፤ ቦርዱ ግን ገና አልታወቀም ይሆናል። ኡኖ ደግሞ ፖርቱ ሲከፈት እንደገና ስለሚነሳ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ምንም አይልክም፣ የተላከለትንም አይሰማም። በሎድባንግና በመክፈቻው መልዕክት መካከል ዲሌይ 5000 (5 ሰከንድ የሚያዘገይ ሳጥን) አኑሩ፤ ከተከፈተ በኋላም ለቦርዱ የመጀመሪያውን መልዕክት ከመላካችሁ በፊት ሌላ ዲሌይ 3000 ጨምሩ።