የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ብልሽትን በመስክ መኪና ላይ ማግኘት

በክረምት ጭቃና በበጋ አቧራ የሚሠራ የመስክ መኪና አንድ ቀን መብራቱ ይጠፋና በማግስቱ ራሱ ይበራል፤ ጠዋት አልነሣም ብሎ ከሰዓት ያለ ችግር ይነሣል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ባትሪ፣ ዲናሞና ሞተሪኖ በየተራ እየቀየሩ ማሳደድ ኪስ ያራቁታል እንጂ ምክንያቱን አያስገኝም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዕቃዎቹ እርስ በርስ በሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም በላላ ብሎን፣ በዛገ ማሰሪያ ወይም ልባሱ በተላጠ ሽቦ ላይ ነው፤ ይህንንም ለማግኘት አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና አንድ የፍሬቻ አምፖል ይበቃሉ።

ምንም ነገር ከመፍታት በፊት ብልሽቱ መቼና የት እንደሚታይ መመዝገብ ያስፈልጋል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁበት ወቅት ውሃና ዋልካ ጭቃ ካቋረጠ በኋላ የሚመጣ ብልሽት ወደ ሶኬቶች ይጠቁማል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ብቻ የሚታየው የላላ ወይም የተፋቀ ሽቦ ምልክት ሲሆን፣ ቆሞ ካደረ በኋላ የሚታየው ደግሞ በስውር የሚፈስ ኤሌክትሪክ መኖሩን ያመለክታል። የጣና ውሃ ጨዋማ ስላልሆነ እንደ ባሕር ውሃ ብረት አይበላም፤ ነገር ግን ደለሉ በሶኬቶች ውስጥ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ብልሽቱ ከውሃው ከተወጣ ከቀናት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ኮፈን ከፍቶ በከፍተኛ ግፊት ማጠብም ደለሉን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ አልመክርም።

ከዚያ በኋላ ባትሪው ይለካል። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት የሚነበብ ከሆነ ዲናሞውን ለመፍታት ምክንያት የለም። ሁለት ባትሪ ያለው መኪና ሁሉ 24 ቮልት እንዳልሆነም ልብ ሊባል ይገባል፤ ቁጥሮቹ በእጥፍ የሚታሰቡት የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ተከታትሎ ሲታሰር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘልለው፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ፍሬ የሚሰጠው ምርመራ የኔጋቲቭ መስመር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሞተሩና በሻንሲው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ፣ ምርመራ ነው። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው ጥቁሩን ጫፍ በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያሳርፉ፤ ረዳትዎ ሞተሩን ሲያስነሣም ንባቡን ይመልከቱ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ መስመሩ ታንቋል ማለት ነው። የፊት መብራት በርቶ ቀዩ ጫፍ ወደ ሻንሲ ሲዛወር ደግሞ ንባቡ ከ0.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነም ያለ ቴስተር እንኳ የኋላ መብራቶችን የኔጋቲቭ ብሎን መጠርጠር ይቻላል። ብሎኑ ሲፈታ ከሥሩ ቀለም፣ ዝገትና አረንጓዴ ዱቄት ይገኛል፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ይጠብቃል፣ ግራሶ የሚቀባውም ከታሰረ በኋላ ከላይ ብቻ ነው። በልባሱ ውስጥ ያለው መዳብ ከጠቆረ ግን ጫፉን ማጽዳት ስለማይበቃ፣ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪገኝ መቁረጥ ወይም ሽቦውን በሙሉ መቀየር ግድ ነው። ብሎኑ ወይም ሽቦው ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ በቅድሚያ ይነቀላል፤ ሲመለስም መጨረሻ ይታሰራል።

ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ትልቅ ፊውዝ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት መተካት መኪናውን ለእሳት ማጋለጥ ነው። በምትኩ 21 ዋት የሆነ የፍሬቻ አምፖል ሁለት ሽቦ ተደርጎለት በፊውዙ ቦታ ይገባል፤ በዚያ መስመር ላይ ያሉት ዕቃዎችም ከሶኬታቸው ይነቀላሉ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሾርቱ፣ ማለትም የተላጠው ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር መነካካቱ፣ አሁንም አለ፤ አምፖሉ ከ2 አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ ሽቦው አይቃጠልም። ከዚያም የሽቦውን ጥቅል ስንዝር በስንዝር እያነቃነቁ መሄድ ነው፤ አምፖሉ የጠፋበት ወይም ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ የሚፈለገው ነው። ሽቦው ከሚያልፍበትና መከላከያ ጎማው ከተበላ የቦዲ ቀዳዳ፣ ከኋላ በር ማጠፊያ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብና በኋላ ከተጨመሩ መብራቶች መስመር መጀመር ጊዜ ይቆጥባል።

ቆሞ ሲያድር ለሚደክም ባትሪ በሮቹ ተዘግተው፣ ቁልፉ ወጥቶ ቴስተሩ በአምፔር መለኪያው በኔጋቲቩ ጫፍና በገመዱ መካከል ይገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ካነበበ ፊውዞቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ንባቡ የሚወርድበት መስመር ይለያል። በዚህ ጊዜ ሞተር ማስነሣት የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። በቀጥታ ከባትሪ የተቀጠሉ ቴፕና የስልክ ቻርጀር ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

የተጠገነው ሽቦ ከስለታም ጠርዝ ርቆ በየስንዝሩ ይታሰራል፤ ከዚያም ብልሽቱ በታየበት መንገድና ሁኔታ መኪናው ተነድቶ የኔጋቲቩ ንባብ እንደገና ይወሰዳል።