በረራው ለምን ይንገጫገጫል? የፍላይት ሲሙሌተር ኮምፒውተር ችግርና መፍትሄ

ፍላይት ሲሙሌተሩ (በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚያበርረው ፕሮግራም) ሲንገጫገጭበት ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ምስሉን የሚስለውን ግራፊክስ ካርድ መቀየርን ነው። ካርዱ ከኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ ውዱ ስለሆነ ጥፋቱም ከእሱ የመጣ ይመስላል። በሲሙሌተር ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ሒሳቡን የሚሠራውን ፕሮሰሰር የሚጠብቅበት ጊዜ ይበዛል። ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት መታወቅ ያለበት የትኛው ዕቃ የትኛውን እያስጠበቀ እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ መለካት

በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020ም ሆነ 2024፣ ከሴቲንጉ ውስጥ ዴቨሎፐር ሞድን አብሩና የፍሬም ቆጣሪውን አውጡ (ፍሬም ማለት በስክሪኑ ላይ በተከታታይ ከሚሳሉት ምስሎች አንዱ ነው)። ቆጣሪው ጥፋተኛውን በስሙ ይጠራዋል፦ «ሊሚትድ ባይ ሜይን ትሬድ» ካለ የዘገየው ፕሮሰሰሩ ነው፤ «ሊሚትድ ባይ ጂፒዩ» ካለ ካርዱ። ኤክስ-ፕሌን 12 በተባለው ሌላ ሲሙሌተር ላይ ደግሞ ዳታ አውትፑት ከሚለው ገጽ የፍሬም ሬቱን መስመር ምረጡ፤ ፕሮሰሰሩና ካርዱ በየፍሬሙ የሚፈጁትን ጊዜ ለየብቻ ያወጣላችኋል። ንባቡን ለመረዳት ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ በሰከንድ 30 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ፍሬም በ33.3 ሚሊ ሰከንድ፣ 60 ለማግኘት ደግሞ በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ማለቅ አለበት።

ልኬቱን ከደመና በላይ ሆናችሁ አትውሰዱ፤ 30 ሺህ ጫማ ላይ ደካማውም ኮምፒውተር ጎበዝ ይመስላል። ትልቅ ኤርፖርት ላይ፣ ዲጂታል ስክሪን የበዛበት የመንገደኞች አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ ተቀምጣችሁ ለኩ።

የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር እዚህ ላይ ያሳስታል። ፕሮሰሰሩ 25 በመቶ ብቻ እየሠራ ነው ሲል «ፕሮሰሰሬ ደህና ነው» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ቁጥሩ ግን የሁሉም ኮሮች፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች፣ አማካይ ነው። የሲሙሌተሩ ከባድ ሥራ በአንድ ዋና ትሬድ (የሥራ መስመር) ላይ ይወድቃል፤ ጸሐፊው በዝቶ ወረቀቱ ሁሉ የአንድ ኃላፊ ፊርማ የሚጠብቅበት መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ጸሐፊ ቢጨመር ፊርማው አይፈጥንም፤ 16 ኮር የገዛ ሰው 8 ኮር ካለው ጓደኛው ላይሻል የሚችለው ለዚህ ነው።

ቆጣሪ ሳይከፈትም የሚሠራ ፈተና አለ። ሬዞሉሽኑን ከ4ኬ ወደ 1080 አውርዱ። ፍሬሙ ካልጨመረ ካርዱን ከክሱ ነጻ አድርጉት።

«አየር ላይ ደህና ነው፤ ወደ ትልቅ ኤርፖርት ስጠጋ ይንገጫገጫል»

ይህ ከሁሉም የበዛው ቅሬታ ነው፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ፕሮሰሰሩ ነው። ሕንፃው፣ የቆሙት አውሮፕላኖች፣ መኪኖቹና የኮክፒቱ ስክሪኖች ሁሉ ዋናውን ትሬድ በአንድ ጊዜ ያጨናንቁታል።

መጀመሪያ የሚነካው ቴሬይን ሌቭል ኦፍ ዲቴይል የሚባለው ማስተካከያ ነው። 200 ላይ ካለ ወደ 100 አውርዱት። ዝርዝሩ የሚሳልበት ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚሸፍነው ስፋት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ጥቂት መቀነስ ብዙ ይመልሳል። ቀጥሎ የኤርፖርት ትራፊኩን፣ በተለይም የቆሙ አውሮፕላኖችንና የመሬት ተሽከርካሪዎችን ቀንሱ። የኮክፒት ስክሪኖች የሚታደሱበትን ፍጥነትም መካከለኛ ላይ አድርጉት። ጥላና ደመና መቀነስ እዚህ ቦታ ብዙም አይረዳም፤ እነሱ በዋናነት የካርዱ ሸክም ናቸው። ሁሉንም በአንዴ «ሎው» ያደረገ ሰው መልኩን አጥቶ መንገጫገጩ አብሮት የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስተካከሉ ካልበቃና መግዛት የግድ ከሆነ፣ ለሲሙሌተር ከኮር ብዛት ይልቅ የካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን የዳታ ማስቀመጫ) መጠን ይመዝናል። የኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ 32 ሜጋባይት የኤል3 ካሽ ሲኖረው፣ በ2022 የወጣው 5800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት አለው። ፍጥነቱ በጊጋኸርትዝ ሲታይ እንዲያውም ዝቅ ይላል፤ በሲሙሌተር ግን ይበልጠዋል፣ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ ዳታ ፍለጋ ወደ ራም የሚመላለስበት ጊዜ ያጥራል። ኤኤም4 የተባለ የፕሮሰሰር መሰኪያ ያለበት ማዘርቦርድ ያለው ሰው ባዮሱን (የማዘርቦርዱን ማስነሻ ፕሮግራም) አዘምኖ ይህንኑ ወይም 5700ኤክስ3ዲን ቢያገኝ ሌላ ዕቃ መቀየር አያስፈልገውም። አዲስ ለሚገጥም ደግሞ 7800ኤክስ3ዲ ወይም 9800ኤክስ3ዲ አለ። 16 ኮር ያለው 7950ኤክስ3ዲ ተጨማሪ ካሹን የያዘው ኮሮቹን ከያዙት ሁለት ቺፕሌቶች (የፕሮሰሰሩ ቁራጮች) በአንዱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ለበረራ ብቻ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል ብዬ አላምንም።

«እንደ ጓደኛዬ ያለ ኮምፒውተር ገዝቼ የእኔ ይዘገያል»

ራሙን ተመልከቱ። 6000 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር5 ራም፣ በባዮስ ውስጥ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራው ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ ካልበራ በ4800 አካባቢ ይሠራል። ታስክ ማናጀር ውስጥ የሜሞሪ ገጹ እውነተኛውን ፍጥነትና ስንት ቦታ እንደተያዘ ያሳያል። አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ራም ብቻ ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ቻናል (ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚገናኝበት መስመር) ባዶውን ነው፤ ሁለት ባለ 16 ይሻላል። አራት ቦታ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ተቆጥረው ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው የሚሰካባቸው፤ የቦርዱ መመሪያ ይነግራችኋል።

ሳይጠይቁ ማለፍ የማይገባ ሌላም አለ፦ የሞኒተሩ ኬብል የት ነው የተሰካው? ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ የተገዛው ካርድ ያለ ሥራ ተቀምጧል።

«ካርዱ 99 በመቶ ላይ ነው፣ ፍሬሙ ግን ትንሽ ነው»

እዚህ ጥፋቱ በእርግጥ የካርዱ ነው። 4ኬ በየፍሬሙ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል ያስላል፤ 1440 ደግሞ 3.7 ሚሊዮን ብቻ። የደመናውን ጥራት ከአልትራ ወደ ሃይ ማውረድ ብቻውን ብዙ ያቃልላል፣ ልዩነቱንም ለማየት ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ከዚያ ዲኤልኤስኤስን (ምስሉን በትንሽ ፒክስል ስሎ የሚያሳድገውን የኤንቪዲያ ዘዴ) በኳሊቲ ደረጃ ሞክሩ። ጉዳቱ የሚታየው ኮክፒቱ ውስጥ ነው፦ የከፍታ መለኪያው ቁጥር ሲቀያየር ጭረት ይተዋል። መሣሪያ እያነበበ የሚበር ሰው ይህ ያናድደዋል፤ በመስኮት ዓለምን ለሚያይ ግን ምንም አይደለም።

ፍሬም ጀነሬሽን፣ ማለትም በእውነተኞቹ ፍሬሞች መካከል ተጨማሪ ፍሬም የሚፈጥረው ዘዴ፣ ከፕሮሰሰሩም ከካርዱም ችግር ያወጣል እየተባለ ይሸጣል። በስክሪን ላይ ያለውን እንቅስቃሴ በእርግጥ ያለሰልሳል፣ ፕሮሰሰሩ ዘግይቶም ቢሆን። ነገር ግን ጆይስቲኩን ስትገፉ አውሮፕላኑ የሚመልሰው በእውነተኛው ፍሬም ፍጥነት ነው። እውነተኛው 20 ከሆነ በስክሪኑ 40 ተብሎ ቢጻፍም ማረፊያ ላይ እጃችሁ ያውቀዋል። በኤንቪዲያ ካርድ አማራጩ ደብዝዞ አልነካም ካለ፣ የዊንዶውስ ሃርድዌር አክስለሬትድ ጂፒዩ ስኬጁሊንግ መብራቱን አረጋግጡ።

«ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ወደ 8 ፍሬም ወረደ»

ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው የካርዱ ሜሞሪ መሙላት ነው፤ ሜሞሪው ሲሞላ ዳታው ወደ ኮምፒውተሩ ራም እየተመላለሰ ሁሉ ነገር ይጎተታል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መነሻውም መድረሻውም ከባድ ኤርፖርት ሲሆን ወይም የእይታ አቅጣጫ ሲቀየር ነው። መፍትሄው የቴክስቸር ጥራትን አንድ ደረጃ መቀነስ ነው። ለ2024ቱ ሲሙሌተር የተመከረው የካርድ ሜሞሪ 8 ጊጋባይት፣ ተመራጩ 12 ነው፤ እኔ ግን 4ኬ ሞኒተር ላለው ሰው ከ16 በታች አልመክርም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሙቀት ቀስ ብሎ ይጎትታል እንጂ እንደ ሜሞሪው አይጥልም። 7800ኤክስ3ዲ ጣሪያው 89 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን እዚያ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራ አጽዱ፣ የፋኑን አቅጣጫ ተመልከቱ። ላፕቶፕ ከሆነ ከኋላ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

«50 ፍሬም ነው ይለኛል፣ ለዓይን ግን ይንቀጠቀጣል»

አማካዩ 50 ሆኖ አብዛኛው ፍሬም በ12፣ አልፎ አልፎ ግን አንዱ በ45 ሚሊ ሰከንድ ከመጣ ዓይን የሚያየው መንቀጥቀጥ ነው። ሲሙሌተር እንደ ተኩስ ጨዋታ ከፍተኛ ፍሬም አይፈልግም፤ የሚፈልገው እኩል ርቀት ነው። ባለ 60 ኸርትዝ ሞኒተር ላይ ፍሬሙን 30 ላይ ቁረጡት፤ ባለ 120 ኸርትዝ ከሆነ 40 ላይ፤ ሁለቱም ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ጂ-ሲንክ ወይም ፍሪሲንክ ያለው ሞኒተር ፍጥነቱን ራሱ ከፍሬሙ ጋር ስለሚያስማማ ይህን ሒሳብ ያስቀራል፣ በእኔ እምነትም ለበረራ ከአንድ ደረጃ ከፍ ካለ ካርድ ይልቅ የሚያስደስት ግዢ ነው።

«ከተማው የቀለጠ ፕላስቲክ ይመስላል»

ለዚህ ኮምፒውተር አትቀይሩ። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ምድሩን የሚስለው ከኢንተርኔት እያወረደ ነው፤ ከጀርባው ያለው የካርታ ዳታ ከ2 ፔታባይት በላይ ስለሆነ ዲስክ ላይ አይጫንም። ለ2024ቱ ዝቅተኛው 10፣ የተመከረው ደግሞ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ነው። ሮሊንግ ካሹን (የወረደው ምድር ዲስክ ላይ የሚቀመጥበትን ፋይል) ሰርዛችሁ እንደገና ፍጠሩት፣ ፈጣን ኤስኤስዲ ላይም አድርጉት።

«ምንም ሳይል ወደ ዴስክቶፕ ይወረውረኛል»

ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው። አድ-ኦኖች (ከውጭ የተጨመሩ አውሮፕላኖችና ኤርፖርቶች) የሚገቡበትን ኮሚዩኒቲ የሚባለውን የማይክሮሶፍቱን ፎልደር ስሙን ለውጡና በቦታው ባዶ ፎልደር አድርጋችሁ አስነሱ፤ መወርወሩ ከቆመ ጥፋተኛው አንዱ አድ-ኦን ነው፣ ግማሽ ግማሹን እየመለሳችሁ ታገኙታላችሁ። ኤክስ-ፕሌን ተጠቃሚ ከሆናችሁ በዋናው ፎልደር ያለውን የሎግ ፋይል ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ አንብቡ። ከዚያ የካርዱ ድራይቨር። ከዚያ ኤክስኤምፒን ለሙከራ አጥፍታችሁ መብረር፤ ያልተረጋጋ ራም እንደ ሶፍትዌር ስህተት ራሱን ይደብቃል።

13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ካላችሁ፣ በተለይ አይ7 ወይም አይ9 ከሆነ፣ ባዮሱን ዛሬውኑ አዘምኑ። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ እንደነበር ኢንቴል በ2024 አምኖ የማስተካከያ ማይክሮኮድ (በባዮስ በኩል የሚገባ የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ፕሮግራም) አውጥቷል፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። አንዱ ምልክት «የቪዲዮ ሜሞሪ አልበቃም» የሚል ስህተት ስለሆነ ሰው ካርዱን ሲወቅስ ይኖራል። ማስተካከያው የተጎዳውን አይፈውስም፤ ከዘመነ በኋላም የሚወድቅ ከሆነ ዋስትናውን ጠይቁ።

ኮምፒውተሩ ጠቅላላ ድርግም ብሎ ከጠፋ ግን ነገሩ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይሄዳል። አርቲኤክስ 4090 ብቻውን 450 ዋት ይጠይቃል፣ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያም ይዘላል። የካርዱ ኤሌክትሪክ መሰኪያ እስከ መጨረሻው መግባቱንም እዩ፤ በግማሽ የገባ መሰኪያ ሲቀልጥ ታይቷል።

«ሳልነካው ወደ ግራ ይጋደማል»

ሲሙሌተሩ ለእያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ አክሲስ (የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ) በራሱ ይመድባል፤ ስለዚህ ጆይስቲኩም ትሮትሉም (የሞተር ኃይል ማንሻው) አንዱን የክንፍ መቆጣጠሪያ አብረው ይዘው ሊጣሉ ይችላሉ። ትርፉን ሰርዙ። ካልሆነ ትንሽ ዴድ ዞን (መሃል ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ የማይቆጠርበት ቦታ) ስጡ። ርካሽ ጆይስቲክ ውስጥ ያለው ፖቴንሽዮሜትር ሲያረጅ ቁጥሩ ይዘላል፤ ሆል ኢፌክት ሴንሰር ያለው አካል ከአካል ስለማይፋተግበት ይቆያል። በበረራ መሃል መሣሪያው የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ፣ በዊንዶውስ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ የዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድን አጥፉና መሣሪያውን የራሱ ኤሌክትሪክ ባለው የዩኤስቢ ሃብ ላይ ሰኩት።