ቶርክ ሬንች ስንመርጥ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ቶርክ ሬንች (ብሎን በተፈለገው የመጠምዘዝ ኃይል ማለትም ቶርክ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። «እስከ 200 የሚሄደውን ከያዝኩ ለሁሉም ይበቃኛል» ይላል። ከስህተቶች ሁሉ ውድ የሚያስከፍለው ይኼ ነው፤ እኔም ከፍዬበታለሁ።

የገዛሁት ባለ ግማሽ ኢንች (የጫፉ መግጠሚያ ስፋት) ሲሆን ከ14 እስከ 200 ኒውተን ሜትር (የቶርክ መለኪያ) ይላል። 18 ላይ ሞልቼ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን) ማጥበቅ ጀመርኩ። የሞላሁት ቁጥር ሲደርስ «ጠቅ» የሚለውን ድምፅ እየጠበቅኩ ስስብ፣ ጠብቆ የነበረው ካንዴላ ድንገት ላላ። ስፈታው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ጥርስ እንደ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበት ወጣ። ጠቅታውን ጨርሶ አልሰማሁትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠቅ የሚል ቶርክ ሬንች በደንብ የሚታመነው ከትልቁ ቁጥሩ 20 በመቶ ጀምሮ ነው። የ200ው ከ40 በታች ላይ ቁጥር ቢጻፍበትም ጠቅታው ይደክማል፤ እጀታው ረጅም ስለሆነም እጅ ሳያውቀው አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በብዛት የምታጠብቋቸውን ብሎኖች ከመኪናው ማኑዋል ላይ ጻፉ። የብዙ የቤት መኪኖች የጎማ ዳዶ ከ80 እስከ 140 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ካንዴላና ትንንሽ ብሎኖች ግን ከ30 በታች ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ለመሥራት አትሞክሩ። ለጎማ ባለ ግማሽ ኢንቹን፣ ለትንንሾቹ ከ5 እስከ 50 አካባቢ የሚሠራ አነስ ያለ ለብቻው ያዙ። አቅም የሚፈቅደው አንድ ብቻ ከሆነ ዘወትር የምትሠሩበት ቁጥር መሃሉ ላይ የሚውለውን ምረጡ።

መለኪያውን ሳያነቡ መግዛትም አለ። ማኑዋሉ በኒውተን ሜትር ተጽፎ ቁልፉ በፓውንድ ፉት ብቻ ከሆነ፣ 80 ላይ የሞላችሁት ወደ 108 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አንዱ ፓውንድ ፉት 1.356 ኒውተን ሜትር ነውና። ሁለቱም የተቀረጹበትን፣ መስመሩም ጥርት ብሎ የሚነበበውን ፈልጉ።

በግራ የሚጠብቅ ብሎን የሚያጋጥማችሁ ከሆነ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚለካ መሆኑን ጠይቁ። ብዙዎቹ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚለኩት፤ ራቼቱ (የቁልፉ ጭንቅላት ላይ ያለው አቅጣጫ የሚቀየርበት) ወደ ግራ መዞሩ ይለካል ማለት አይደለም።

የቴስታታ ብሎን ለሚሠራ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። በብዙ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ በተወሰነ ቶርክ ይጠብቅና ከዚያ 90 ዲግሪ ይዞራል፤ የማዕዘን መለኪያ አብራችሁ ግዙ።

ልኬቱ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት የሌለውን ቁልፍ እኔ አልገዛም። ወረቀቱ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ቁልፉ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሌላ መመሪያ ከሌለ በየ12 ወሩ ወይም ከ5000 ጠቅታ በኋላ፣ ቀድሞ የደረሰው ላይ፣ ዳግም ይመረመራል።

የጠነከረ ብሎን መፍቻ ደግሞ ለብቻው ይገዛ። በቶርክ ሬንቹ የዛገ ዳዶ የፈታ ሰው በማግስቱ የሚያነበውን ቁጥር ማመን አይችልም።