በባሕር ለሠለጠነ ጠላቂ፦ ሐይቅ ውስጥ በስኩባ እንዴት ይጠለቃል?

ይህ ጽሑፍ የስኩባ፣ ማለትም በጀርባ ከተሸከሙት የአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ የመጥለቅ ሥልጠናውን ጨርሶ፣ ልምዱን ግን በባሕር ብቻ ላካበተ ሰው የተዘጋጀ ነው። የሐይቅ ውሃ ጨው ስለሌለው ከባሕር ውሃ በመቶ ሁለት ተኩል ያህል ይቀላል፤ ጠላቂን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል። በመሆኑም ከነሙሉ መሣሪያው 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ባሕር ላይ ለመስመጥ ከሚታጠቀው የእርሳስ ብረት ክብደት 2.5 ኪሎ ግራም ያህል መቀነስ ይኖርበታል። ትክክለኛውን ልክ ለማወቅ እግር መሬት በማይነካበት ቦታ ቀጥ ብሎ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን አየር በሙሉ ማስወጣት ነው፤ ትንፋሽ ተይዞ ውሃው ዓይን ላይ ከቆመ፣ ትንፋሽ ሲወጣ ደግሞ ሰውነት ቀስ ብሎ ከሰመጠ ክብደቱ ተስማምቷል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር አየሩ ሲቀንስ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚቀል፣ ይህም ከሒሳብ መግባት አለበት።

ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛ አገሮች የሚገኙ ጥልቅ ሐይቆች ላያቸው ሲሞቅ እንኳ ታችኛው ውሃቸው ወደዚያው ተጠግቶ ይቆያል። ሁለቱ ንብርብሮች በሚገናኙበት ቦታ ውሃው ዘይት የተጨመረበት ይመስል ይሞገዳል፤ ፊት ገና ሙቀት እየተሰማው ወደ ታች የተዘረጋ እጅ በብርድ ይቆረጣል። የመጥለቂያ ልብስ መመረጥ ያለበት በታችኛው ሙቀት መጠን ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ ሬጉሌተሩ (የሲሊንደሩን አየር ግፊቱን ቀንሶ ወደ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ) በረዶ ሠርቶ አየር ያለማቋረጥ ሊለቅ ስለሚችል፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ መያዝ፣ ውሃ ውስጥ ሳይገቡም በእርሱ አለመተንፈስ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ አበክሬ የማሳስበው ግን የደለልን ነገር ነው። በሐይቅ ወለል ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ደለል አንድ የተሳሳተ የእግር ምት ይበቃዋል፤ ከኋላ ያለው ባልደረባ በቅጽበት የራሱን እጅ እንኳ ማየት ይሳነዋል፣ የጠራው ውሃም ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ሰውነትን አግድም አድርጎ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎንና ወደ ኋላ መቅዘፍ ያስፈልጋል። እይታ ከጠፋ መንፈራገጥ አይገባም፤ ባልደረባን ይዞ፣ የጥልቀት መለኪያውን ወደ መነጽር አስጠግቶ በዝግታ መውጣት ነው። የሰጠሙ ዛፎችና የተጣሉ የዓሣ ማጥመጃ ክሮች ስለሚያጋጥሙም መቁረጫ በቀላሉ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይታሰራል።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ300 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ የመጥለቂያ ጥልቀትና ጊዜ ወሰን በሚያሳየው የባሕር ሠንጠረዥ መመራት አደገኛ ነው። ለምሳሌ በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ 20 ሜትር መጥለቅ ለሰውነት 25 ሜትር እንደ መጥለቅ ይቆጠራል። የመጥለቂያ ኮምፒውተሩ ለከፍታውና ጨው ለሌለው ውሃ መስተካከሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ ሲወጡም በደቂቃ ከ9 ሜትር አለመፍጠን፣ 5 ሜትር ላይም 3 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ወዲያው ወደ ከፍተኛ ተራራ መውጣት ደም ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን አረፋ ሊያደርገው ይችላል።

ወደ ሌላ ሐይቅ ከመሄድ በፊት ልብሱንና ሰደርያውን ውስጡን ጭምር አጥቦ፣ ውሃውን አፍስሶ፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ግዴታ ነው፤ ለዓይን የማይታዩ የዛጎል ለበስ እንስሳት እጮች የሚሻገሩት በዚያች በቀረችው እርጥበት ነው።