ኮንትራቱ ኤረር አይሰጥም፣ ሒሳቡ ግን ዜሮ ነው

ቅዳሜ ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሶሊዲቲ (የኢቴሪየም ኮንትራት፣ ማለትም ብሎክቼይን ላይ የሚሠራ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የሚማሩ ልጆችን ኮድ አያለሁ። አብዛኞቹ ለመለማመጃ የሚጽፉት እቁብ ወይም እድር ነው። ምርጫው ደስ ይለኛል፤ ደንቡን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ዋሌት ማገናኘትና ኮንትራት ዲፕሎይ ማድረግ (ብሎክቼይኑ ላይ መጫን) ስለምትችሉ እሱን አልደግመውም። ሁሉም ነገር ሴፖሊያ ቴስትኔት (እውነተኛ ገንዘብ የሌለበት መሞከሪያ ኔትወርክ) ላይ ይሁን። አገራችን ውስጥ ሕጋዊው መገበያያ ብር ነው፤ የጎረቤት መዋጮ የኮድ መሞከሪያ አይሆንም።

ምልክት፦ ቅጣቱ ወይም ኮሚሽኑ ሁልጊዜ ዜሮ ይሆናል።

ይህንን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል። ትራንዛክሽኑም ያልፋል። ቅጣቱ ግን አይቆረጥም።

ምክንያቱ ሶሊዲቲ የሚያሰላው በሙሉ ቁጥር ስለሆነ ነው። 5 ለ100 ሲካፈል 0.05 አይደለም፣ 0 ነው። ከነጥብ በኋላ ያለው ተቆርጦ ይጣላል እንጂ ወደ ላይ አይጠጋጋም። 99 ለ100 ቢካፈልም መልሱ 0 ነው።

አንድ ልጅ የእድር ኮንትራት ጽፎ መጣ። መዋጮው 200፣ ለዘገየ ሰው ቅጣቱ 5 በመቶ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀን የሚቆጥረውን ክፍል ሲፈትሽ ከርሟል። መብራት ጠፍቶ የላፕቶፑ ባትሪ እያለቀ ስለነበር ዘግተነው በደብተር ሠራን። «መጀመሪያ ምንን ለምን አካፈልክ?» አልኩት። «5ን ለ100 ጋሼ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ…» ብሎ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ መስመሩን ሰርዞ ከሥሩ ጻፈ፦ 200 ሲባዛ በ5፣ 1000። ለ100 ሲካፈል፣ 10። ቅጣቱ ተገኘ።

መፍትሄው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ አባዙ፣ መጨረሻ ላይ አካፍሉ። ልብ በሉ፣ 5 ለ100 ብላችሁ ቁጥሮቹን በቀጥታ ከመዋጮው ጋር ብታባዙ ኮምፓይለሩ ራሱ ያስቆማችኋል። ቁጥሮቹ ቫሪያብል ውስጥ ሲሆኑ ግን ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እንደ 2.5 በመቶ ያለ ምጣኔ ካላችሁ ደግሞ መሠረቱን ከ100 ወደ 10,000 ከፍ አድርጉና 250 ብላችሁ ጻፉት።

ትራፊውንም አትርሱ። 1000 ለ7 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 142 ይደርሰዋል፣ 6 ይተርፋል። ያ 6 ኮንትራቱ ውስጥ ይቀራል። ማውጫ ፈንክሽን ካልጻፋችሁ፣ ዲፕሎይ የሆነ ኮድ ስለማይታረም፣ እዚያው ተቆልፎ ይኖራል። የመጨረሻው ሰው የቀረውን በሙሉ ይውሰድ።

ምልክት፦ 1 ቶክን ላክሁ፣ ዋሌቱ ግን ከነጥብ በኋላ የዜሮ ሰልፍ ያሳያል። ወይም ደግሞ በቂ ገንዘብ እያለ «አይበቃም» ይላል።

ይህም የዚያው የሙሉ ቁጥር ጣጣ ነው። 1 ኢተር ማለት 1 ከነ18 ዜሮው ዌይ (የኢተር ትንሹ ክፍል) ነው። ኢቴሪየም ላይ ዩኤስዲሲ እና ዩኤስዲቲ የሚባሉት የዶላር ቶክኖች ግን 6 ዴሲማል (ከነጥብ በኋላ ያለ አሃዝ) ነው ያላቸው። አንዲት ተማሪ የሙከራ ዩኤስዲሲ 50 ልትቀበል አስባ በ18 ዜሮ አባዛችው። ኮንትራቱ የጠየቀው 50 ትሪሊዮን ሆነ! እሷ ግን ፈቃድ አልሰጠሁ ይሆናል ብላ አፕሩቭ ላይ ስትመላለስ ዋለች። 18 ብላችሁ በእጅ አትጻፉ። የቶክኑን ዴሲማልስ ፈንክሽን ጠይቁት፤ ራሱ ይነግራችኋል።

ምልክት፦ እቁቡ በ5 ሰው ይሠራል፣ አባላት ሲበዙ ጋስ (የኮዱ ሥራ የሚለካበትና የሚከፈልበት አሃድ) ያልቅበታል።

ሁሉንም አባል በአንድ ሉፕ እየከፈላችሁ ነው። አንድ ብሎክ የሚይዘው ጋስ ገደብ አለው። በዚያ ላይ ከተቀባዮቹ አንዱ ገንዘብ የማይቀበል ኮንትራት ከሆነ የሁሉም ክፍያ ሪቨርት ሊሆን (ተሰርዞ ወደ ነበረበት ሊመለስ) ይችላል። እያንዳንዱ ሰው መጥቶ የራሱን ያውጣ።

ሲያወጣ ግን መጀመሪያ ሒሳቡን ቀንሱ፣ ከዚያ ላኩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ተቀባዩ ኮንትራት ክፍያው ሳያልቅ ተመልሶ ገብቶ ደግሞ ደጋግሞ ይወስዳል። በፈረንጆቹ 2016 ዳኦ ከተባለው የኢቴሪየም የጋራ ፈንድ ላይ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር የተወሰደው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ምልክት፦ ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ግዙፍ ቁጥር ይመጣል።

ኮዱን ከአሮጌ ቪዲዮ ገልብጣችኋል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል! ከ0.8.0 በፊት የነበረው ሶሊዲቲ ቁጥሩ ገደቡን ሲያልፍ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሪቨርት ያደርጋል። የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ሳታነቡ አትገልብጡ። አንቼክድ (unchecked) የሚል ብሎክ ውስጥ ከሆነ ቁጥጥሩ ስለሚጠፋ አዲሱም አያድናችሁም።

ፕራይቬት ያላችሁት ቫሪያብል ምስጢር አይደለም፤ ቼይኑን የሚያነብ ሁሉ ያየዋል። የይለፍ ቃል እዚያ አታስቀምጡ። የዋሌታችሁን 12 ወይም 24 የማስመለሻ ቃላት ፎቶ አታንሱ። በቴሌግራም አትላኩ። ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ አትጻፉ። ለመለማመጃ ገንዘብ የሌለበት ሌላ ዋሌት ክፈቱ። የግል ቁልፋችሁን ኮድ ውስጥ ጽፋችሁ ጊትሃብ ላይ አትጫኑ። ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል።

ትራንዛክሽን ፔንዲንግ ላይ ከቆመ በዚያው ኖንስ (የትራንዛክሽኑ ተራ ቁጥር) የጋስ ክፍያውን ከፍ አድርጋችሁ ድጋሚ ላኩት።

ሪሚክስ (ብራውዘር ላይ የሚሠራ የሶሊዲቲ መጻፊያ) ላይ የጻፋችሁት ፋይል ጠፋ? ብራውዘሩ ውስጥ ነበር የተቀመጠው፣ ዳታው ሲጸዳ አብሮ ሄዷል። መብራቱ ሳይጠፋ፣ አሁኑኑ፣ ወደ ፍላሻችሁ ገልብጡት።