ደረጃ ስር የወለደች ድመት ስታገኙ

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት ጀሞ፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስር፣ የተጣለ ፍራሽ ውስጥ ሦስት የድመት ልጆች አገኘሁ። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። እናታቸው የለችም። «ጥላቸው ሄዳ ነው» ብዬ በሻርፕ ጠቅልዬ ቤት አስገባኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ዳለቻ ድመት ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ፣ ስትጮህ አደረች። ሊነጋጋ ሲል ልጆቿን ፍራሹ ላይ መለስኳቸው። በማጅራታቸው እያንጠለጠለች አንድ በአንድ ወሰደቻቸው።

ስለዚህ ቶሎ አታንሷቸው። እናት ድመት ምግብ ፍለጋ ለሰዓታት ትጠፋለች። ዙሪያቸውን ትንሽ የፉርኖ ዱቄት ነስንሳችሁ ሂዱ። ስትመለሱ ዱቄቱ ላይ ዱካ ካለ እናት መጥታ ነበር ማለት ነው። ሆዳቸው ሞልቶ፣ ተደራርበው ጸጥ ብለው ከተኙም እየጠቡ ነው። ሰውነታቸው ቀዝቅዞ የሚጮኹ ከሆነ ግን ጊዜ አትስጡ።

የቀዘቀዘ ግልገል ሳይሞቅ አይመገብም። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና ካርቶን ውስጥ ከጎኑ አድርጉለት። ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታም ተዉለት። የላም ወተት ያስቀምጠዋል፤ ለትንሽ ግልገል ተቅማጥ ሞት ነው። ለድመት ልጆች የተዘጋጀ ዱቄት ወተት ካጣችሁ የእንስሳት ሐኪም ምን ልስጠው ብላችሁ ጠይቁ። ስታጠቡት በሆዱ ይተኛ። እንደ ሕፃን ካንጋለላችሁት ወተቱ ሳንባው ይገባል። ሲጨርስ ሞቅ ባለ እርጥብ ጥጥ ከጭራው ስር ጠረግ ጠረግ አድርጉት። እናቱ በምላሷ የምታደርገው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራሱ መሽናት አይችልም።

ሰው ማልመድ ቀላል የሚሆነው ከሁለት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ዕድሜ ነው። የዳለቻን ልጆች እንደገና ያገኘኋቸው ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ከእናታቸው ጋር መብላት ጀምረው ነበር። አንዷ ቤቴ ናት። ሁለቱን የአክስቴ ልጆች ወሰዷቸው።

ዳለቻ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ያደገች፣ ሰው ያልለመደች ድመት ቤት ብትዘጉባት መጋረጃ ላይ ትሰቀላለች እንጂ አትለምድም። እሷን ማዳን ማለት ማብላትና ማስመከን ነው።

ለማብላት ሰዓትና ቦታ አትቀይሩ። እኔ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ጨው የሌለው የተቀቀለ ሳንባ ይዤ እወርዳለሁ። አስቀምጬ ሦስት ደረጃ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ዓይኗን ትክ ብዬ አላይም፤ እንደ ጠብ ነው የምትቆጥረው። ቀስ ብዬ ዓይኔን ጨፈን ገለጥ አደርጋለሁ። በሁለተኛው ወር እሷም መለሰችልኝ። መብላቷን አቁማ፣ ከንፈሯ ላይ የሳንባ ቁራጭ እንደተለጠፈ፣ ጨፈን።

ታች ያሉት እማማ መጀመሪያ «ልጄ፣ ድመት ሰብስበሽ ልታስጨርሽን ነው?» ብለውኝ ነበር። «እማማ፣ አይጡስ?» አልኳቸው። የፋሲካ ለታ ራሳቸው የዶሮ አጥንት በነወጡ ይዘውላት መጡ። እንዴት ብዬ ልከልክላቸው! ግን ሽንኩርት የድመት ደም ያበላሻል፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። አሁን ወጥ ያልነካው ሥጋ ያለ አጥንት ያመጡላታል። የአይጥ መርዝም ከግቢው ቀርቷል፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለችና።

ወደ ማስመከኑ። ድመት ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ነው። ቁጥሩን አስቡት። ብየዳ ቤት ሄጄ በሩ በገመድ ተይዞ ቁልቁል የሚወድቅ የሽቦ ሳጥን አሠራሁ፤ ርዝመቱ 80 ሴንቲሜትር። በዋዜማው ሳንባ አላወረድኩም። ሳጥኑ መጨረሻ ላይ ቱና አስቀምጬ የገመዱን ጫፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ጭራዋ ሳይቀር እስኪገባ ጠብቁ። በሩ ሲወድቅ ግድግዳ ላይ እንደተወረወረ ኳስ ነው የነጠረችው። ወዲያው ጋቢ ጣል አደረግሁበት። ሲጨልምባት በሁለት ደቂቃ ጸጥ አለች። እጃችሁን እንዳታስገቡ። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይይዛል።

ለሐኪሙ ሰው ያልለመደች መሆኗን ቀድማችሁ ንገሩት፤ በሳጥኑ እንዳለች እንዲያደነዝዛት። በዚያው የአንድ ጆሮዋን ጫፍ ትንሽ ይቁረጠው። ሌላ ጊዜ የመከነች መሆኗ ከሩቅ ይታያል። አሟት መስሏችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡ፤ ድመትን ይገድላል። እስክትነቃ ጨለም ባለ ሞቃት ቦታ ሳጥኑ ውስጥ ትደር። የምትለቋት ያገኛችሁባት ቦታ ላይ ነው። ሌላ ሰፈር ብትወስዷት ምግቡም መደበቂያውም ይጠፋታል።

ከተለቀቀች በኋላ ዘጠኝ ቀን ጠፋች። ሳንባውን እየያዝኩ ወርጄ፣ እየያዝኩ ተመለስኩ። በአሥረኛው መጣች፤ እንደውም ሁለት ደረጃ ድረስ ቀርባ።

እስካሁን በእጄ ነክቻት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት በልታ ስትጨርስ በአጠገቤ ስታልፍ ጭራዋ ቁርጭምጭሚቴን ነካ አደረገኝ። አልተንቀሳቀስኩም።