አሜሪካ ስትሄዱ ሽንት ቤት እንዴት ትጠይቃላችሁ?

አሜሪካ ምግብ ቤት ገብታችሁ ሽንት ቤት ከፈለጋችሁ «ረስትሩም የት ነው?» በሉ። «ቶይሌት» ብትሉም ይገባቸዋል፤ ግን እዚያ ቃሉ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ራሱን ስለሚያስታውስ ጆሮ ላይ ትንሽ ይሻክራል። የሚገርመው መነሻው ጨዋ ነው፦ በፈረንሳይኛ «ትዋሌት» ትንሽ ጨርቅ ማለት ነበር፣ ከዚያ የመኳኳያ ጠረጴዛ ልብስ ሆነ፣ ቀጥሎ መልበሻ ክፍል፣ እያለ እያለ እዚህ ደረሰ። እንግሊዝ አገር ግን «ቶይሌት» ወይም «ሉ» ብትሉ ማንም ቅር አይለውም። ካናዳ «ዋሽሩም» ነው። አውሮፕላን ላይ የምታዩት «ላቫቶሪ» ደግሞ ከላቲን ነው፣ ከመታጠብ የመጣ።

በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ቤት ስትከራዩ «ሃፍ ባዝ» ካሏችሁ ሻወር የለውም፤ መቀመጫና እጅ መታጠቢያ ብቻ ነው።